የምህንድስና ተማሪ ከድርሰትና ከሥነ ጽሑፍ ኮርስ ምን ያተርፋል?

ሰርኪት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በብዙ ኮሌጆች ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ስለሚሆኑት ሁለት ኮርሶች ነው፤ አንዱ የድርሰት አጻጻፍ፣ ሌላው የሥነ ጽሑፍ መግቢያ። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው። ለምህንድስና ወይም ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ 6 ክሬዲት ማለት ሁለት የሙያ ኮርስ ማለት ነው።

«አስተሳሰብን ያሰፋል»፣ «ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለውን መልስ ጠግበነዋል፤ እሱን ተዉትና ወደ ዝርዝሩ ግቡልኝ። ተማሪው በአንድ ሴሚስተር ቁጭ ብሎ የሚሠራው ምንድን ነው? ሲጨርስስ ከዚያ በፊት ያልቻለውን ምን ይችላል? በተለይ ሥነ ጽሑፉ አልገባኝም። ሪፖርት መጻፍ ይጠቅማል፣ እሺ። ግጥም መተንተን ግን ለድልድይ ሠሪ ምኑ ነው?

ሌላው፣ ኮርሱ እንደ መምህሩ በጣም ይለያያል ይባላል። ጥሩውን ክፍል ከመጥፎው ሳይመዘገቡ በፊት በምን መለየት ይቻላል?


ቀይ እስክሪብቶ

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፤ የመጀመሪያውም መልስ ያለው እዚያው ነው። የኮርስ አውትላይኑን አውጣና አንድ ነገር ብቻ ፈልግ፦ ተማሪው አንዱን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ያስረክባል? «4 ድርሰት፣ እያንዳንዱ 15 ነጥብ፣ ፈተና 40» የሚል ከሆነ ጽሑፉ አንዴ ተሰጥቶ፣ ነጥብ ተለጥፎበት ተረሳ ማለት ነው። «3 ድርሰት፤ ለእያንዳንዱ ረቂቅ፣ የመምህር አስተያየት፣ ከዚያ ሁለተኛ ጽሑፍ» የሚል ከሆነ ተመዝገብ። ኮርሱ የሚያስተምረው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ረቂቅ መካከል ነው። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ሰዓቱን አስላው። የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ ነው። 3 ክሬዲት በ15 ሳምንት 135 ሰዓት ይመጣል፤ ከዚህ 90ው ከክፍል ውጭ ነው። እነዚያ 90 ሰዓቶች የራስን ጽሑፍ አፍርሶ በመሥራት ካለቁ ኮርሱ ዋጋ አለው። የቃል ክፍሎችን በመሸምደድ ካለቁ የለውም። ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ብራዶክ፣ ሎይድ ጆንስና ሾር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 በዘርፉ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው፣ ሰዋስውን ከጽሑፍ ነጥሎ ማስተማር ጽሑፍን እንደማያሻሽል፣ እንዲያውም የመጻፊያውን ጊዜ በመሻማት ሊጎዳ እንደሚችል ደምድመዋል። 60 ዓመት አልፎ አሁንም «ኮማ የት ይገባል» በሚል መልመጃ ሴሚስተሩን የሚጨርስ ክፍል ሞልቷል።

አሁን ተማሪው ምን ይሠራል ወዳልከው። ብዙ ተማሪ «አሻሽለህ አምጣ» ሲባል ፊደል ለቅሞ፣ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ይመልሳል። ያ ማረም ነው። እንደገና መጻፍ ሌላ ሥራ ነው፤ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ሐሳቡና አደረጃጀቱ፣ ቀጥሎ አንቀጹ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ፣ ፊደሉ መጨረሻ። ፊደሉን አስተካክለህ፣ ቃሉን አሳምረህ የጨረስከውን አንቀጽ ለመሰረዝ እጅህ ይሳሳል። እንደማያስፈልግ እያወቅክ እንዳለ ታልፈዋለህ።

ለዚህ የሚጠቅመው መሣሪያ የኋሊት ቢጋር (የጽሑፍ ንድፍ) ነው። ቢጋር ሁሉም ያውቃል፣ ከመጻፍ በፊት ይነደፋል። ይሄኛው ግን ረቂቁ ካለቀ በኋላ ነው የሚወጣው። 1,200 ቃል ያለው ረቂቅ ከ8 እስከ 10 አንቀጽ ይኖረዋል። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ኅዳጉ ላይ ሁለት ነገር ጻፍ፤ ምን ይላል (ከ10 ቃል ባልበለጠ) እና ለጽሑፉ ምን ይሠራል (ማስረጃ ያቀርባል፣ ተቃውሞ ይመልሳል፣ ቃል ይፈታል)። ከዚያ ጽሑፉን ሸፍነህ ኅዳጉን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብብ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጉድለቱ ራሱን ያጋልጣል። ኅዳጉ ላይ «እና» ሳትል መጻፍ ያቃተህ አንቀጽ ሁለት አንቀጽ ነው። ሦስተኛውና ሰባተኛው አንድ ዓይነት ኅዳግ ካላቸው አንዱ ይሄዳል። «ምን ይሠራል» የሚለው ባዶ የቀረበት አንቀጽ ቢያምርም ይወጣል።

ከሁሉ የሚበዛው ጉድለት ግን ዋናው ሐሳብ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ መገኘቱ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። ሰው የሚያስበውን የሚያውቀው እየጻፈ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ረቂቅ ወደ ሐሳቡ የተሄደበት መንገድ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ያንን የመጨረሻ አንቀጽ ወስደህ መጀመሪያ ላይ ታስቀምጥና ቀሪውን ለሱ እንዲሠራ አድርገህ ትጽፋለህ። እዚህ ጋ ነው ተማሪው የሚያለቅሰው፣ ምክንያቱም ከቀድሞው ረቂቅ ግማሹ ይወድቃል።

ወደ ዓረፍተ ነገር ስንወርድ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ስለሚመጣ ግሱን እያንጠለጠሉ መቀጠል ይቀላል፦ «ናሙናው ተወስዶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ ውጤቱ ተመዝግቦ፣ ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሮ ልዩነት ታይቷል።» አንባቢው ስድስት ድርጊት ተሸክሞ ማሰሪያውን ይጠብቃል፤ ሲደርስ የሚያገኘው «ልዩነት ታይቷል» ነው። ምን ያህል ልዩነት? በምን? ቀላል ልማድ ይዘህ ሂድ፦ ሦስተኛው ተንጠልጣይ ግስ ላይ ስትደርስ አራት ነጥብ ፈልግ። ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ናሙናውን አጥበን በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ2 ሰዓት አደረቅነው። ክብደቱ ከ50 ግራም ወደ 41 ግራም፣ ማለትም በ18 በመቶ ወረደ።» ቃሉ ትንሽ በዛ፤ የተነገረው ግን ከዚያ ይበልጥ በዛ።

«ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «በአሁኑ ሰዓት» የሚሉትን ደግሞ ሰርዘህ ዓረፍተ ነገሩን አንብበው። ምንም ካልጎደለው ቀድሞም ቦታ አልነበራቸውም።


መስመር በመስመር

ቀይ እስክሪብቶ ስለ መጻፉ ብሏል፤ እኔ ስለ ሥነ ጽሑፉ። ሰርኪት ወንድሜ፣ ግጥሙን ለጊዜው ተወውና ይህችን ምንባብ እይ። ለዚሁ ሲባል የተጻፈች ናት፣ 15 ቃል ብቻ፦

«ይግቡ፣ አባቴ» አለ በሩን ከፍቶ። ሽማግሌው ገቡ። ወንበሩን በእጁ ጠቆማቸው። «ወረቀቱን አምጥተሃል?» ሽማግሌው ከጉያው አወጣ።

ምን ሆነ? ብለህ ብትጠይቅ ከአሥር ዘጠኙ ተማሪ «አንድ ሽማግሌ ገብተው ወረቀት ሰጡ» ይልሃል። ታሪኩ እሱ ነው፣ ልክ ነው። አሁን ግሶቹን ብቻ ተከተል። በር ላይ «ይግቡ»፤ ወንበሩ ጋ «አምጥተሃል»። ሰውየው ሽማግሌው ከገቡ በኋላ አክብሮቱን አወረደ። ይህንንም ብዙ ሰው ያያል። የሚያመልጠው ቀጣዩ ነው። ተራኪው «ገቡ»፣ «ጠቆማቸው» እያለ ሽማግሌውን ሲያከብር ቆይቶ፣ ሰውየው «አምጥተሃል» ባለ ማግስት እሱም «ከጉያው አወጣ» አለ። ማንም ሳይነግረው ወገን ቀየረ። አንባቢውም አብሮት ተሻገረ፤ «አወጣ» የሚለው ሲነበብ ጆሮ አልቆረቆረውም።

የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ሥራ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን እንዴት እያደረገህ እንዳለ ማየት። ጥብቅ ንባብ ይሉታል። አንድ ገጽ በዚህ መልክ ለማንበብ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንዴ ዝም ብለህ ታነባለህ። ሁለተኛውን ጮክ ብለህ። በሦስተኛው እርሳስ ይዘህ የሚደጋገመውን፣ የሚለወጠውን፣ ይመጣል ብለህ ጠብቀህ የቀረውን ታሰምራለህ። ካሰመርካቸው ከሦስቱ የሚበዛ ምርት የሚሰጠው የሚለወጠው ነው፤ ለውጥ ያለበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ ነው «ለምን?» የሚባለው። ከዚህ በፊት «ለምን» ካልክ ከጽሑፉ ሳይሆን ከራስህ ኪስ ነው የምታወጣው።

ይህ የመጨረሻው ጥፋት በደንብ ተመዝግቧል። አይ ኤ ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ መምህር 13 ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ ሰጠና የጻፉትን አስተያየት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1929 አሳተመው። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለፉ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ገና የቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም ሳይዙ ስለ ስሜቱ ይጽፉ ነበር፤ ሌሎቹ ግጥሙ የቀሰቀሰባቸውን የግል ትዝታ የግጥሙ ሐሳብ አድርገው ወሰዱት፤ ሌሎቹ ደግሞ ርዕሱን አይተው የተዘጋጀ ስሜታቸውን አወጡ። ሰም ለበስ ወርቅ ባለበት ቋንቋ ያደገ አንባቢ ይህን ሊያውቀው ይገባል፤ ሰሙን በደንብ ያልያዘ ወርቁን አገኘሁ ቢል ግምት ነው።

ትንታኔው በጽሑፍ ሲቀርብ ደግሞ ተማሪዎች የሚወድቁት በአንድ ቦታ ነው፤ ርዕሰ ጉዳይን ከክርክር ጋር ያምታታሉ። «ጭብጡ ክብር ነው» ርዕሰ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይከራከርህም። «ደራሲው ክብር እንደሚጠፋ ያሳያል» ትንሽ ተሻለ፣ ግን ለሺህ መጻሕፍት ይሆናል። «ተራኪው የአክብሮቱን ቅጽ ከገጸ ባህርዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግይቶ በማውረድ፣ አንባቢውን ሳያስታውቀው የንቀቱ ተካፋይ ያደርገዋል» ክርክር ነው። ሊስተባበል ይችላል፣ ማስረጃውም በጣት ይጠቆማል። መመዘኛው ይሄ ነው፦ አስተዋይ የሆነ ሰው «አልስማማም» ሊልህ ካልቻለ ገና አልጀመርክም።

የቀሩት ጥፋቶች አጫጭር ናቸው። ተራኪውን ደራሲው ነው ብሎ መውሰድ። ታሪኩን መልሶ መተረክ፤ መምህሩ አንብቦታል። ረጅም ጥቅስ ለጥፎ «ይህ በግልጽ ያሳያል» ብሎ ማለፍ፤ ለአንድ መስመር ጥቅስ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትንታኔ ካልተከተለ ጥቅሱ ማስረጃ አልሆነም፣ ቦታ መሙያ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «ልብ ወለድ ማንበብ የሰውን ስሜት የመረዳት ችሎታ እንደሚጨምር በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚሉህን አትመን። መነሻው ኪድና ካስታኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነው፤ ጥቂት ገጽ ማንበብ ወዲያው ውጤት አለው የሚል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ያ ውጤት አልወጣም። ኮርሱን ለመከላከል የማይቆም ማስረጃ አያስፈልግም፤ ከላይ ያሉት 15 ቃላት ይበቁኛል።


ሙቀት ሽግግር

መስመር በመስመር፣ ምንባቧ ጥሩ ናት፤ ግን አንድ የዘለልከው አለ። የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ ጎበዝ የሆነ ልጅ የላቦራቶሪ ሪፖርት ሲሰጠው ይወድቃል፤ ዘወትር የሚታይ ነገር ነው። ችሎታው በራሱ አይሻገርም። ድርሰት አንባቢውን እየመራ ወደ ሐሳቡ ሊያደርስ ይችላል፤ ሪፖርት ውጤቱን ከፊት ያስቀምጣል። ድርሰት ቃል እንዳይደጋገም ይጠነቀቃል፤ ቴክኒካል ጽሑፍ ላይ ግን አንዴ «ቫልቭ» ያልከውን በኋላ «መቆጣጠሪያ»፣ ቀጥሎ «መክፈቻ» ካልከው አንባቢው ሦስት ዕቃ ፈልጎ ይባዝናል።

ስለዚህ ሰርኪት፣ ኮርሱን ስትወስድ ድልድዩን ራስህ ሥራ። ከሦስቱ ድርሰት አንዱን በሙያህ ርዕስ እንድትጽፍ መምህሩን ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ከዚያ የላቦራቶሪ ሪፖርትህን መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት ብለህ ስታዋቅር ያንኑ የኋሊት ቢጋር አውርድበት። ወዲያው የሚታየው ስህተት «ውጤት» ክፍል ውስጥ ትርጓሜ መግባቱ ነው፤ «ሙቀቱ 4 ዲግሪ ጨመረ» ውጤት ነው፣ «ይህ የሆነው በመሸፈኛው መሳሳት ነው» ውይይት ነው። ከ150 እስከ 250 ቃል የምትፈጀውን አጠቃሎ (አብስትራክት) ደግሞ መጨረሻ ላይ ጻፋት። ቀድመው የጻፏት ሰዎች ሪፖርቱ ሲለወጥ እሷን ማስተካከል ይረሳሉ፤ አጠቃሎው 12 በመቶ ይላል፣ ሠንጠረዡ 9።

«ለድልድይ ሠሪ ምኑ ነው» ላልከው ግን አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ፣ ከነዳጅ ታንከሯ የተገነጠለ የፎም (ሙቀት መከላከያ ስፖንጅ መሰል ሽፋን) ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለኃላፊዎች በፓወር ፖይንት አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የቀድሞ ሙከራዎች ስጋቱን አጋንነው እንደሚያሳዩ የሚያስመስል፣ የሚያረጋጋ ነበር። ከርዕሱ በታች በደረጃ በደረጃ የሚወርዱ ነጥቦች አሉ። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ በታች ባለው ደረጃ፣ ሙከራው የተሠራው በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ሲሆን የተገነጠለው ግን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ይገመታል ተብሎ ተጽፏል። 640 እጥፍ ነው። ማለትም ሙከራዎቹ ስለዚህ አደጋ ምንም ሊናገሩ አይችሉም። ዋናው ሐሳብ ይህ ሆኖ ሳለ የተቀመጠው ቀይ እስክሪብቶ እንዳለው መጨረሻ ላይ ነው። «ጉልህ» የሚለው ቃል በስላይዱ ላይ 5 ጊዜ ይመጣል፤ ምን ያህሉ ጉልህ እንደሚባል የትም የለም።

መንኮራኩሯ ፌብሯሪ 1 ቀን ስትመለስ ተበታተነች፤ 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ስላይዱ አደጋውን አመጣ ማለት አይደለም። ክንፉን የሰበረው ፎሙ ነው፣ ውሳኔውም ብዙ እጅ ነበረበት። ግን የአደጋው መርማሪ ቦርድ በሪፖርቱ ያንን አንድ ስላይድ ለብቻው ወስዶ ቃል በቃል ተንትኖታል። ትንታኔውን ስታነበው መስመር በመስመር ከላይ የሠራው ዓይነት ሥራ መሆኑን ታያለህ፤ የሚደጋገመውን፣ የሚለወጠውን፣ ተደብቆ የቀረውን ማሳየት። እዚህ ላይ ለመስመር በመስመር እጅ ሰጥቻለሁ።


ጥግ ወንበር

ስለ ክፍሉ ብዛት ማንም አልተናገረም። የአሜሪካ የኮሌጅ ድርሰት መምህራን ጉባኤ የሚመክረው በአንድ የጽሑፍ ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 15 እንዲሆን ነው። ሒሳቡን ሥራው። አንድን ረቂቅ አንብቦ የሚጠቅም አስተያየት ለመጻፍ 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 20 ተማሪ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። 45 ተማሪ 15 ሰዓት ይሆናል፣ ለአንድ ዙር ብቻ። 45 ተማሪ ያለው መምህር አውትላይኑ ላይ «ሁለት ረቂቅ» ብሎ ቢጽፍም የምታገኘው «ጥሩ ነው፣ ግልጽ አድርገው» ነው። በክፉ ልቡ አይደለም።

ሁለት ክፍል ከፊትህ ካለ ትንሹን ምረጥ፣ ሰዓቱ ባይመችህም። የድርሰቱን ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሪፖርት የሚበዛባቸው ኮርሶች ሳይመጡ ውሰደው። ሥነ ጽሑፉ ቆይቶ ቢወሰድ አይጎዳም፤ ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር ከሦስት የላቦራቶሪ ኮርስ ጋር ማድረግ ግን ረቂቅ ለመጻፍ ጊዜ አያስተርፍም።


ሰርኪት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ነው የፈለግኩት። አንድ የቀረኝ አለ፤ አሁን ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሪፖርቱንም ድርሰቱንም በ10 ሰከንድ ይጽፋል። ታዲያ 90 ሰዓቱ?


ቀይ እስክሪብቶ

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለሱ ከሰጠኸው የሰጠኸው ማሰቡን ነው፤ ሐሳቡ የሚገኘው እዚያ ነው ብያለሁ። ሌላም ኪሳራ አለ። ያስረከብከው ጽሑፍ ያንተ ስህተት ከሌለበት መምህሩ የሚያርመው የማሽኑን ጽሑፍ ነው፤ 20 ደቂቃውን ለማሽኑ አስተማረ ማለት ነው።

አንባቢ አድርገህ ብትጠቀምበት ግን ይሠራል። ረቂቅህን ራስህ ጻፍ፣ ኅዳጉን ራስህ ሙላ፤ ከዚያ ለማሽኑ ጽሑፉን ብቻ ሰጥተህ «የእያንዳንዱን አንቀጽ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ» በለው። የሱንና ያንተን ጎን ለጎን አድርግ። የተለያያችሁበት አንቀጽ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ እሱ ስቷል፣ ወይ አንተ ያሰብከውን አልጻፍክም። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። «አሻሽልልኝ» ግን አትበለው፤ ያልተቸገርክበትን ያስተካክልልህና ችግሩ ምን እንደነበር ሳታውቅ ትቀራለህ።

ምንጭ ከጠቆመህ ደግሞ እያንዳንዱን ሄደህ ክፈተው። የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ መጽሔት ስም፣ ከነገጽ ቁጥሩ ፈጥሮ ይሰጣል። ከትክክለኛ ምንጭ ስትወስድም እንዲህ አድርግ፦ አንብብ፣ ዝጋው፣ በራስህ ቃል ጻፍ፣ መልሰህ ከፍተህ አመሳክር፣ የገጽ ቁጥሩን እዚያው መዝግብ። ምንጩን ከፍቶ እያዩ ቃል በቃል መቀያየር፣ «አደገ»ን «ጨመረ» እያሉ፣ የሌላውን ዓረፍተ ነገር ሌላ ልብስ ማልበስ ነው። ሆን ተብሎ ባይሆንም እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ሐሳቡም አልገባህም ማለት ነው።

ከፈለግክ አንድ አንቀጽ ከሪፖርት አምጣና እንየው።


ሰርኪት (ጠያቂ)

ይኸው፦ «ቁሳቁሱ የተመረጠው በዋጋ፣ በጥንካሬና በክብደት ነው። አሉሚኒየም ከአረብ ብረት ይቀላል፣ ነገር ግን ይወደዳል። ይህ ለዲዛይኑ ወሳኝ ነው። ስለዚህ አሉሚኒየም ተመርጧል።»


ሙቀት ሽግግር

እኔ ልግባበት። «ይህ ለዲዛይኑ ወሳኝ ነው» ያልከው ቅለቱን ነው ወይስ ውድነቱን? ቅርብ ያለው «ይወደዳል» ስለሆነ አንባቢው እሱን ይይዛል፤ ከዚያ «ስለዚህ ተመርጧል» ሲል፣ ውድ ስለሆነ መረጡት ሊል ነው።


መስመር በመስመር

ኃይለ ቃሉ ሦስት ነገር ቃል ገብቷል፤ የመጣው ሁለት ነው። ጥንካሬ የት ሄደ?


ቀይ እስክሪብቶ

እንዲህ ቢሆንስ፦ «ክፍሉ የሚሸከመው ጭነት አነስተኛ ስለሆነ ከጥንካሬ ይልቅ ክብደት ምርጫውን ወሰነ። የአሉሚኒየም እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ የአረብ ብረት 7.85 ግራም ገደማ ነው፤ ቅርጹ ሳይለወጥ ክብደቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ዋጋው ቢጨምርም አሉሚኒየምን መረጥን።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ግን እኔ ገምቼ ነው የጻፍኩት። ጭነቱ በእርግጥ አነስተኛ ነው? ስንት ኒውተን?


ሰርኪት (ጠያቂ)

ጭነቱ ሪፖርቱ ውስጥ የትም የለም ለካ። ሄጄ ላስላው።